ጽዋው ሳይከደን ገበያ አይወራም

አባቴ ከሞተ ዓመት ሲሆነው ቤታችን ውስጥ ዐሥር በርኖስ ተጣጥፎ ገዢ ይጠብቅ ነበር። የበግ ጠጉሩን እናቴ ከደብረ ብርሃን ገበያ ገዝታው፣ የጎረቤት ሴቶች በደጋን ነድፈው በእንዝርት ፈትለውት፣ ሽማግሌው ሸማኔያችን ሸምነውት፣ በመጨረሻም በገንዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ በእግር እየተረገጠ የጠበቀ ጥቁር በርኖስ ነው። በደንብ የተረገጠ በርኖስ ዝናብ አያሳልፍም። ስምንቱን ሸማኔው ራሳቸው ረገጧቸው። ሁለቱን፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር፣ የረገጥኋቸው እኔ ነኝ። ውሃው ሲበርድ ደክሞኝ ተውሁት። እናቴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸውና ምንም ሳትናገር ከክምሩ መሐል አደረገቻቸው።

አንኮበር ብርድ አገር ስለሆነ በርኖስ የማይፈልግ ሰው የለም ይላሉ። ይህን የሚሉት በርኖስ ሸጠው የማያውቁ ናቸው። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ከተሻገሩ ወዲህ አዲስ በርኖስ የሚገዛው ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ሄዷል። የቀረነው ያለንን እንለብሳለን፣ ሲቀደድም እንጥፈዋለን።

አባቴ ሳለ ይህ አያሳስበንም ነበር። እሱ ዓርብ ዓርብ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባዶ እጁን ማለቴ በርኖሱ ተሽጦ ማለቴ ነው። ለማን ይሸጠው እንደነበር ጠይቀነው አናውቅም። እናቴ በርኖስ እንዴት እንደሚሠራ ከእሱ ይልቅ ታውቃለች፤ ማን እንደሚገዛው ግን አንድ ሰው እንኳ አታውቅም። እሱን አባቴ ይዞት ሄደ።

የእናቴ አባት መዘዞ ነው የሚኖሩት። በገና ሰሞን ሰው ላኩብን። «ሴት ብቻዋን ነጋዴ አትሆንም። ክረምት ሳይገባ መሸመኛሽን ሽጠሽ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አሉ። እናቴም «በርኖሱ ከክረምት በፊት ከወጣልኝ እቀራለሁ፤ ካልወጣልኝ እመጣለሁ» ብላ መለሰች። ብል ክረምቱን ሙሉ የተጣጠፈ ጠጉር ውስጥ ሲሰነብት ምን እንደሚያደርግ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ መዘዞን አልጠላም። አያቴ ቤት በግ አለ፣ እርጎ አለ። ግን እዚያ እናቴ የአባቷ ልጅ ትሆናለች፣ እኔም በሁለተኛው ወር በግ ላለው ሰው እዳራለሁ። እዚህ ግን እናቴ የቤቱ ጌታ ናት።

ታዲያ አንድ ቀን እናቴ «የአባትሽን ማኅበር እገባለሁ» አለች።

አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። እንደማንኛውም የሚካኤል ማኅበር በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን በተራ በየአባሎቹ ቤት ይጠጣል። የሚለየው፣ ማኅበርተኞቹ ሁሉ ነጋዴና ባለሙያ መሆናቸው ነው። ኮርቻ ሰፊ አለ፣ አሞሌ ጨው የሚያመላልስ አለ፣ ማር ነጋዴ አለች፣ ሰም የምትሸጥ አለች። መሪያቸው ሙሴ ይባላሉ። የማኅበር መሪ የትም አገር ሙሴ ነው፤ የእኛው ሙሴ በቅሎ ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። አባል ሲሞት ቦታው ለሚስቱ ወይም ለልጁ ስለሚሆን እናቴ ልግባ ስትል የከለከላት የለም።

ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ተራው የኮርቻ ሰፊው ነበር፣ ሄድን። እኔ ዳቦውን በሌማት ይዤ እከተላለሁ። እናቴ ኩታዋን አጣፍታለች፤ ከኩታዋ ሥር ግን ወፍራም ነገር አለ። ከስምንቱ አንዱን በርኖስ ብብቷ ሥር አድርጋዋለች። «ሰዉ ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ካላሳየሁት መቼ ላሳየው ነው?» አለችኝ በመንገድ። እውነቷን ነው ብዬ አሰብሁ። ሁለታችንም ብልጥ የሆንን መስሎን ደስ ብሎን ነበር።

ቄሱ ጸሎት አደረሱ። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የነበረው ጽዋ ተገልጦ ከቀኝ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። እናቴ ተራዋ ደርሶ ቀመሰች፣ ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ከዚያም ተነሣች። በርኖሱን ከኩታዋ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችው።

«ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እስቲ ይህን እዩልኝ። እንዲህ ያለ ዐሥር አለኝ። አልዩ አምባ የሚወርድ፣ ገዢ የሚያውቅ ካላችሁ…»

ጽዋውን የያዘው ሰውዬ ከከንፈሩ ሳያርቀው ዓይኑን ብቻ አነሣ። ቄሱ ወደ መሬት አዩ። ጥግ የተቀመጠችው ማር ነጋዴ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣

«እመት፣ ሚካኤልን በርኖስ ልታለብሺው ነው?» አለች።

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እናቴ በርኖሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ እኅቴ» አሉ ሙሴ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ይህ ማኅበር አንድ ሕግ አለው። ጽዋው ሳይከደን ገበያ አይወራም። ባልሽ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእሱም ነው፤ ግን አሁን እሱን የሚቀጣው ሌላ ነው። አንቺን እኛ እንቀጣሻለን። ሕጉን ያፈረሰ ሦስት ወር አሳላፊ ይሆናል። ታስታጥቢያለሽ፣ ትቀጂያለሽ፣ ሰው ሁሉ ሳይጠጣ አትቀመጪም።»

«ልጅቱስ?» አለች ማር ነጋዴዋ። «እሷም በርኖሱን አይታ ዝም ብላለች።»

«ልጅቱ ማስታጠቢያውን ትያዝላት» አሉ ሙሴ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር፤ ከእፍረት የተነሣ ትሮጣለች። «ይህን ሁሉ ዓመት አብሮኝ ሲኖር ስንቱን ነገር አወራኝ፤ ይህችን አንዲት ነገር ሳይነግረኝ ሞተ» ትላለች። በማግሥቱ ሸማኔው ከመሸመኛው ጉድጓድ እግራቸውን አውጥተው ጉልበታቸውን ያሻሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። «ሁለተኛ እዚያ ማኅበር አልረግጥም» አለች።

ሸማኔው፣ «ባልሽ ወደ ማኅበር ሲሄድ ስንት በርኖስ ይዞ ይሄድ ነበር?» አሉ።

«ምንም። ሌማት ብቻ።»

«ከማኅበሩ ቀጥሎ ባለው ዓርብ ወደ አልዩ አምባ ሲወርድስ?»

«ያኔማ ጭኖ ይወርዳል፤ ሁሉንም ሽጦ ይመለሳል» አለች እናቴ። ሸማኔው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱና መወርወሪያውን አነሡ።

በየካቲት ዐሥራ ሁለት ሄደን አሳለፍን። ጾም ስለሆነ ማኅበሩ የተጠጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ከሰው ሰው እዞራለሁ፣ እናቴ ውሃ ታፈሳለች። ከዚያ ጠላውን በሽክና እየቀዳች ታድላለች። ይህን ሥራ ስጀምር በጣም አፍሬ ነበር፤ ሳልጨርስ ግን ወደድሁት። ምክንያቱን ልናገር። የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የቀኙንና የግራውን ሰው ብቻ ነው። የሚያሳልፍ ሰው ግን ከሁሉም ፊት ይቆማል፣ የሁሉንም ወሬ ይሰማል፤ ደግሞም እጁን እያስታጠብኸው የሚኮራብህ ሰው የለም።

ጽዋው ተከድኖ ወደ ጓዳ ሲገባ ወሬው ይጀመራል። እኔ ያኔ ሁሉም ዕቃውን የሚያወድስ መስሎኝ ነበር። አንድም ሰው «ይህ አለኝ፣ ግዙኝ» አላለም። የሚያወሩት ሁሉ የት እንደሚሄዱና ምን እንደቸገራቸው ነው። አሞሌ ነጋዴው በየወሩ ወደ መዘዞና ወደ እነዋሪ እንደሚሻገር፣ ሲሄድ ጭነት ቢኖረውም ሲመለስ ባዶ አህያ እንደሚነዳ ያወራል። ማር ነጋዴዋ በቁልቁለቱ መንገድ አብራት ትወርድ የነበረች እኅቷ አራስ ስለሆነች ብቻዋን መውረድ መፍራቷን ታወራለች። ሙሴ ደግሞ፣

«ሦስቱ በቅሎዎቼ ጀርባቸው ተልጧል። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ቆዳ ደርቆ ይፍቃቸዋል። በዚህ ጀርባ ማን በቅሎ ይገዛኛል?» አሉ።

እናቴ ሽክናውን እንደያዘች ቀጥ አለች። አፏን ልትከፍት ነው። ጽዋው ተከድኗልና ብትናገር የሚቀጣት የለም። ግን ማስታጠቢያውን ይዤ ሳልፍ እግሯን ረገጥ አደረግሁት። ለምን እንዳደረግሁት አሁንም በትክክል አላውቅም። ምናልባት የጥር ወሩን ሳቅ ሁለተኛ መስማት ስላልፈለግሁ ይሆናል። እናቴ አፏን ዘጋች፣ ለሙሴ ጠላቸውን ቀዳች፣ አለፈች።

«እግሬን ሰበርሽው» አለችኝ ውጭ ስንወጣ።

«ልትሸጪላቸው ነበር።»

«ነበር» አለችና ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ከበርኖሱ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስባ፣ ሦስት አራት ድርብ አድርጋ፣ በወፍራም ክር ጠቅጥቃ ለበቅሎ ጀርባ የሚሆን ምንጣፍ ሰፋች። ይዛው ወደ ሙሴ ቤት የሄደችው የማኅበር ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን፣ ወደ በረቱ ነው። «በአንዷ በቅሎ ላይ ይሞክሩት። ካልሆነ ይጣሉት» ብላ ሰጠቻቸው። ሙሴ አገላብጠው አዩትና «ስንት ነው?» አሉ። «ቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጭ አይሸጥም» አለች። እሳቸውም ከበረቱ በር ላይ «በቅሎዋ አመስግንልኝ ብላኛለች» አሏት።

በመጋቢት ዐሥራ ሁለት፣ ጽዋው ከተከደነ በኋላ፣ እናቴ ጠላ ስትቀዳ ሙሴ ከሽክናው ቀና ብለው ለጎረቤታቸው፣ «የበቅሎዋ ጀርባ ጠጉር አበቀለ። ያዳነቻት ይህች አሳላፊያችን ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮርቻ ሰፊው ቤታችን ድረስ መጥቶ ከሚሰፋው ኮርቻ ጋር የሚሄድ ምንጣፍ አዘዘ። ቤታችን የበቅሎ ሽታ ሸተተ። ሸማኔው «በርኖስ ሸማኔ ነበርሁ፣ በቅሎ አልባሽ ሆንሁ» ብለው ያጉረመርማሉ፣ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ዐሥሩ በርኖስ ግን ዐሥር እንደሆነ ነው። ሚያዝያ ገብቶ ደመናው ከተራራው ጀርባ ብቅ ማለት ሲጀምር እናቴ በየማለዳው ወጥታ ሰማይ ታያለች። አያቴም በድጋሚ ላኩ። «ለሰኔ ቤት አስጠርጌ እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ቅጣታችን የሚያልቅበት ቀን ነበር። ጽዋው ተከድኖ፣ ሰው ሁሉ ጠጥቶ፣ ሙሴ «አሳላፊያችን፣ በቃሽ፣ ተቀመጪ» አሏት። እናቴ ማር ነጋዴዋ አጠገብ ተቀመጠች። ማር ነጋዴዋ የእናቴን እግር ቁልቁል አየች።

«ሦስት ወር ቆመሽ አየሁሽ። ቁልቁለት የሚችል እግር ነው» አለቻት።

«ወዴት?»

«አልዩ አምባ ነዋ። እኅቴ ሕፃን አዝላ ቁልቁለት አትወርድም። አንቺ አብረሽኝ ውረጂ። ወደ ሐረር የሚያመላልሱ አንድ ነጋዴ ደንበኛዬ ናቸው፤ ማሬን ሁሉ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። በርኖስ ይገዙ እንደሆነ ግን አልምልልሽም።»

«በርኖሱን በምን እንወስደዋለን? አህያችን ባለፈው ክረምት ሞታለች» አለች እናቴ።

ሙሴ ከወዲያ ማዶ ሰምተው፣ «በቅሎዋ ትወርዳለች። ጀርባዋ ድኗል፤ ውለታዋን ትክፈል» አሉ።

በግንቦት መጨረሻ፣ ሃምሳው ቀን ባለፈ ሰሞን፣ ዓርብ ቀን ሊነጋ ሲል ተነሣን። ዐሥሩም በርኖስ በቅሎዋ ላይ ነው፤ ሁለቱ አሁንም ከመሐል ናቸው። ጭጋጉ ከእግራችን ሥር ስለሆነ በደመና ላይ የምንሄድ ይመስላል። ማር ነጋዴዋ ገንቦዎቿን በሁለት አህያ ጭናለች፣ መንገዱን ሁሉ ታወራለች፤ ማን የት ላይ እንደወደቀ፣ የቱ ምንጭ ጥሩ እንደሆነ። በወረድን ቁጥር ሙቀት ይጨምራል። እኩለ መንገድ ላይ ነጠላዬን ገፍፌ በራሴ ጠመጠምሁት። በዚህ ሙቀት በርኖስ ጭኖ መውረድ የዕብድ ሥራ መስሎ ታየኝና ለእናቴ ነገርኋት። ማር ነጋዴዋ ሰምታ፣

«እዚህ ለሚቀመጥ ማን በርኖስ ይሸጣል? ዳገቱን ለሚወጣ ነው እንጂ» አለች።

አልዩ አምባ ስንደርስ ግመል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ስለ ግመል ብዙ ልጽፍ እችላለሁ፣ ግን ነገሬ ያ አይደለም። የነጋዴው ቤት ግቢው ሰፊ ነው፣ መሐሉ ላይ የሾላ ዛፍ አለ። እሳቸው ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ሚስታቸው ከዛፉ ሥር አስቀመጡን። ነጋዴው ሲመለሱ ነጭ ጥምጣም አድርገው፣ ገና ከበሩ፣

«ንቢት መጣች። ዛሬስ ማንን ልትነድፊ ነው?» አሏት ማር ነጋዴዋን።

«ማር የሚያጎድልብኝን» አለች እሷ።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ እንግዲያው እኔ ተርፌያለሁ።» ወደ እኛ ዞሩ። «ዓርብ ነው፣ እንደምትጾሙ አውቃለሁ። ወተት አላቀርብም። ቆሎ በጨርቅ ይቋጠርላችኋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በመንገድ ብሉት። ይህችስ ማን ናት?»

«ማኅበርተኛዬ ናት። በርኖስ ታሠራለች።»

ፊታቸው ዝግት አለ። «በርኖስ አልፈልግም። ዓምና ከማላውቀው ሰው ገዝቼ ለጭነት ነጂዎቼ አለበስሁ። ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዛቸው። ውሃው እንደ ወንፊት አለፈና ሁለቱ ታመው ሞት አፋፍ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከማላውቀው ሰው በርኖስ አልገዛም፣ ወላሂ።»

«እኔን ያውቁኛል?» አለች ማር ነጋዴዋ።

«አንቺን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ዋሷ እኔ ነኝ።»

ነጋዴው እናቴን አዩ፣ ማር ነጋዴዋን አዩ። «በይ እንግዲያው የላይኛውን ዘርጊው» አሏት እናቴን። «አንቺም ነይ» አሏቸው ሚስታቸውን።

በርኖሱን እናቴ፣ ማር ነጋዴዋ፣ የነጋዴው ሚስትና እኔ አራቱን ማዕዘን ይዘን መሐሉን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አደረግነው። እሳቸው አንድ ገንቦ ውሃ አንሥተው አፈሰሱበት። ውሃው እዚያ ላይ ተኛ። ትንሽ ኩሬ መሰለ፣ የሾላው ቅጠል ሁሉ ይታይበታል። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ያዝነው። ነጋዴው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከሥሩ አሳለፉት፣ አይተው አሻሹት።

«ደረቅ ነው» አሉ። ገጻቸው ተፈታ። «ይህን የረገጠ ሰው እግሩን አላህ ይባርከው። ሌሎቹም እንደዚህ ናቸው?»

እኔ ወደ መሬት አየሁ። ከላይ ያለው ጥሩ ነው፣ ከታች ያለውም ጥሩ ነው። እሳቸው ሁለተኛ ገንቦ የሚያነሡ አይመስሉም፤ እናቴ «አዎ» ብትል ዐሥሩም ይሸጣል፣ መዘዞ ይቀራል። ቀና ስል ግን እናቴ የምታየው ማር ነጋዴዋን ነው፤ ማር ነጋዴዋ የበርኖሱን ማዕዘን እንደያዘች፣ ከክንዷ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ለነጋዴው ሚስት ስለ ሕፃኑ የእኅቷ ልጅ ታወራለች። ጥያቄውን እንኳ አልሰማችውም።

«ስምንቱ እንደዚህ ናቸው» አለች እናቴ። «ሁለቱ ግን ያሳልፋሉ።»

ማር ነጋዴዋ ወሬዋን አቋረጠች።

«የትኞቹ?» አሉ ነጋዴው።

እናቴ ከመሐል መዝዛ አወጣቻቸው። ያኔ እኔም፣ «እኔ ነኝ የረገጥኋቸው። ውሃው በርዶ ነበር» አልሁ።

ነጋዴው ወደ እግሬ አዩ። «ይህች እግር ናት? ይህች ገና የድርጭት እግር ናት» አሉ። «እስቲ እንየው።» አንዱን ዘርግተው ውሃ ሲያፈስሱበት ወዲያው ከሥሩ እንደ ዝናብ ወረደ፣ የሚስታቸውን እግር አራሰው።

«አንተ ሰውዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ የቀዳሁትን ውሃ ጨረስህ» አሉ ሚስታቸው።

ነጋዴው ሁለቱን ወደ ጎን አደረጓቸው። ስምንቱን በአሞሌና በጥጥ ወሰዱ። እኛ በቅሎዋን ስንጭን እናቴን ጠርተው፣ «ኢንሻ አላህ ከመስከረም በኋላ ጭነቴ ዳገቱን ይወጣል። ለነጂዎቼ ሌላ ዐሥር እፈልጋለሁ። ስትመጪ ከንቢት ጋር ነይ» አሏት።

ማር ነጋዴዋ ስንመለስ አላወራችም። ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ዳገቱን ጀምረን፣ ሰዓቱ ደርሶ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎውን ስንፈታ ነው የተናገረችው።

«ሁለቱ እንደሚያፈስሱ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች እናቴ።

«ለእኔ ሳትነግሪኝ ወረድሽ።»

«ብነግርሽ አትወስጂኝም ብዬ ፈራሁ።»

«እወስድሽ ነበር። ሁለቱን ቤት አስቀርቼ እወስድሽ ነበር።» ቆሎ ዘገነች። «መሐል ላይ አጥፈሽ የደበቅሽው እኮ የእኔን ስም ነው። እኚያ ሰውዬ ሁለተኛ ገንቦ ቢያነሡ ኖሮ ዛሬ ማሬም አብሮ ይፈስስ ነበር።»

«ይቅር በይኝ። ይህ የታየኝ እዚያ ቆመሽ ስታወሪ ሳይሽ ነው። ቀድሜ አላሰብሁትም።»

ማር ነጋዴዋ ቆሎዋን አኘከች። «ዕድለኛ ነሽ፣ ይህን የሚቀጣ ሕግ የለንም። ብንቀጣበት ኖሮ ዕድሜሽን ሙሉ ታሳልፊ ነበር» አለች። ከዚያ አንዱን የሚያፈስስ በርኖስ ከበቅሎዋ ላይ አውርዳ ከሥሯ አነጠፈችው። «ይህ የእኔ ነው። ገንቦ ሥር እጎዘጉዘዋለሁ፤ የተሰበረብኝ ማር የስንት በርኖስ ዋጋ እንደሆነ አታውቂም።» ሁለተኛውን ለእናቷ መኝታ ወሰደችው። እናቴ አልከለከለቻትም። ከዚያ ወሬዋ ተመለሰላት፣ አንኮበር እስክንደርስም አላቆመችም።

በማግሥቱ አሞሌ ነጋዴው ወደ መዘዞ ሊሻገር መሆኑን ሰማን። እናቴ ለአያቴ በቃል ልትልክ አሰበችና ተወችው። «በቃል ከላክሁ እሳቸው ያልፈለጉትን አይሰሙም። ጽሑፍ ግን የደብራቸው ቄስ ያነቡላቸዋል፤ በቄስ ፊት አልሰማሁም አይሉም» አለች። እኔን አየችኝ። የማኅበሩ ቄስ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ዳዊትም ደግሜያለሁ። ለሰው የሚሄድ ነገር ግን ጽፌ አላውቅም ነበር። ቄሱ ጠባብ የብራና ቁራጭ ሰጡኝ፣ ቀለምም ከብልቃጣቸው ቀነሱልኝ። እናቴ እንዲህ አስጻፈችኝ፦

«ይድረስ ለአባቴ። እንዴት ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በርኖሱ ወጥቶልኛል። ከመስከረም በኋላም ሌላ ዐሥር የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። መሸመኛውን አልሸጥም፣ አልመጣም። አይቆጡኝ።»

የመጀመሪያው መስመር ጠመመብኝ፤ የመጨረሻው ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። ብራናውን ሳደርቀው እናቴ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ደግሞ ጨምሪበት። አሞሌ ነጋዴው ሲመለስ አህዮቹ ባዶ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ጠጉር የሚሸልቱ ከሆነ ይላኩልኝ፤ በጥጥ እመልሳለሁ በይ።»

«ብራናው አልቋል።»

«ጠርዙ ላይ ጻፊው።»

ጠርዙ ላይ፣ በጣም በቀጭኑ፣ ብራናውን እያዞርሁ ጻፍሁት።

አያቴ ስለ አለመምጣታችን አንድም ቃል አልመለሱም። በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ገና ሲያንጠባጥብ፣ አሞሌ ነጋዴው ግን ከእሳቸው የተላከ ሦስት ስልቻ ሙሉ ጠጉር አምጥቶ ከደጃችን አራገፈ። ሸማኔው አንዱን ስልቻ ፈትተው እጃቸውን ሰደዱና ቶሎ መልሰው አወጡት።

«አባትሽ በጎቻቸውን የሚያሰማሩት ጨጎጊት ውስጥ ነው እንዴ?» አሉ እናቴን።

ጠጉሩ ሁሉ ጨጎጊት፣ ያ የሚዋጋ የሜዳ ፍሬ፣ ተጣብቆበት ነበር። እናቴ የጎረቤት ሴቶችን ጠራች፣ ማር ነጋዴዋም ከነአራሷ እኅቷ መጣች። በሩን ከፍተን፣ ዝናቡን እያየን፣ ጨጎጊቱን አንድ በአንድ ስንለቅም ዋልን።